የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ ታውንሺፑ ሌላ፣ የትምህርት ዲስትሪክቱ ሌላ

በዚህ እትም የምንመልሰው ከኮሎምበስ ወጣ ብለው በገጠር ታውንሺፖች (በካውንቲ ውስጥ ያሉ ትንንሽ የአካባቢ አስተዳደሮች) ቤት እየገዙ ከሚገቡ ወገኖች የደረሱንን ደብዳቤዎች ነው። የምንጠቅሰው ሁሉ የኦሃዮን ሕግና አሠራር ነው። ታውንሺፕ በፔንሲልቬንያም በሚኒሶታም አለ፤ የታክሱና የትምህርት ቤቱ ደንብ ግን ይለያያል።

«በኤትና ታውንሺፕ አንድ ቤት ወደናል። አድራሻው ፓታስካላ ይላል። ሪልተሯ (የቤት ደላላዋ) የአንዱን ትምህርት ቤት ስም ነገረችን፤ ከመንገዱ ማዶ ያሉት ሰዎች ደግሞ ልጆቻቸው ሌላ ዘንድ እንደሚማሩ አጫወቱን። ማንን እንመን?»
— የሁለት ልጆች እናት፣ ከኮሎምበስ

ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ግራ የሚያጋባው አንድ ቤት ላይ ሦስት የተለያዩ መስመሮች ማለፋቸው ነው። የፖስታ አድራሻው ደብዳቤ የሚያመላልሰው ፖስታ ቤት የት እንዳለ ይናገራል እንጂ ሌላ ነገር አይናገርም። ታውንሺፑ መንገዱን፣ እሳት አደጋውን፣ የመሬት አጠቃቀም ደንቡን፣ መካነ መቃብሩን ያስተዳድራል፤ ሦስት ትረስቲዎች (የታውንሺፑ ቦርድ አባላት) እና አንድ የገንዘብ ኃላፊ በምርጫ ይመሩታል። የትምህርት ዲስትሪክቱ ከሁለቱም ውጭ ነው፤ የራሱ ቦርድ፣ የራሱ ታክስ፣ የራሱ ካርታ አለው። ኤትና ታውንሺፕ በአብዛኛው በሳውዝዌስት ሊኪንግ እና በሊኪንግ ሃይትስ ዲስትሪክቶች የተከፈለ ነው። የፓታስካላ ከተማም እንዲሁ ለሁለቱ ተከፍላለች። ስለዚህ አድራሻቸው አንድ ዓይነት የሆነ ጎረቤታሞች ልጆቻቸውን የተለያየ ዲስትሪክት ስም በተጻፈባቸው አውቶቡሶች ቢልኩ የሚገርም አይደለም።

እንዲህ የሆነበት ምክንያት ሩቅ ነው። በ1785 የወጣው የመሬት ሕግ አገሩን ጎኑ 6 ማይል በሆነ አራት ማዕዘን ታውንሺፕ ከፋፈለው፤ እያንዳንዱ ታውንሺፕ በ36 ቁራሽ ተቆረጠ፣ ከ36ቱ 16ኛው ቁራሽ (640 ኤከር ማለት ነው) ለሕዝብ ትምህርት ቤት እንዲሆን ተተወ። ኦሃዮ ውስጥ ይህ እንኳ ወጥ አልሆነም፤ የሊኪንግ ካውንቲ ሰሜናዊ ክፍል በ5 ማይል ታውንሺፕ ነው የተለካው። በኋላ ትንንሾቹ የገጠር ትምህርት ቤቶች እየተጠቃለሉ ትልልቅ ዲስትሪክት ሲሆኑ መስመሩ ሰዎች በተስማሙበት በኩል አለፈ፤ ታውንሺፑን ተከትሎ አልሄደም። ኮሎምበስ ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ፦ ከተማዋ መሬት እየጠቀለለች ስትሰፋ፣ በ1986 በተደረሰው ስምምነት መሠረት ብዙው ሠፈር በነበረበት የዳርቻ ዲስትሪክት ቀርቷል። ኮሎምበስ እየኖሩ የኮሎምበስ ትምህርት ቤት ተማሪ አለመሆን የመጣው ከዚህ ነው።

እንግዲህ ምን ያድርጉ? ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት የመሬቱን የፓርሰል ቁጥር ከሪልተሯ ይጠይቁ። ቁጥሩን በካውንቲው ኦዲተር (የቤትና የመሬት ግምት በሚይዘው መሥሪያ ቤት) ድረ ገጽ ላይ ያስገቡ። ከባለቤቱ ስምና ከግምቱ ጋር «የታክስ ዲስትሪክት» የሚል ረድፍ ያገኛሉ፤ በአብዛኛው የታውንሺፑና የትምህርት ዲስትሪክቱ ስም ጎን ለጎን ተጽፎ ነው የሚመጣው። የሚታመነው ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ታክሱ የሚሰላው በእሱ ነው። ቤት መሸጫ ድረ ገጾች ላይ የሚወጣው የትምህርት ቤት ስም በኮምፒውተር የሚገመት ስለሆነ ውል አይፈርሙበት። ካውንቲውንም ሁልጊዜ ይጥቀሱ፤ ማዲሰን ታውንሺፕ ወይም ዋሽንግተን ታውንሺፕ የሚባል ኦሃዮ ውስጥ በብዙ ካውንቲ አለ።

ቀጥሎ ወደ ዲስትሪክቱ መዝጋቢ ይደውሉና «በዚህ አድራሻ የሚኖር የሦስተኛ ክፍል ልጅ የትኛው ሕንፃ ይገባል?» ይበሉ። ዲስትሪክቱ አንድ ቢሆንም አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሁለት ሦስት ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። የዲስትሪክት ድንበር በቀላሉ አይነቃነቅም። በዲስትሪክቱ ውስጥ የትኛው ሠፈር ወደ የትኛው ሕንፃ እንደሚሄድ ግን ቦርዱ በአንድ ስብሰባ መለወጥ ይችላል፣ አዳዲስ ቤቶች እየተሠሩ ባሉበት በዚህ አካባቢ ደግሞ ይለውጣል። አንድን ሕንፃ ብቻ አስበው ቤት አይግዙ።

«ካልሆነ በኦፕን ኢንሮልመንት እናስገባለን» የሚሉም አሉ፤ ከሌላ ዲስትሪክት ተማሪ የሚቀበሉበት አሠራር ነው። እያንዳንዱ ዲስትሪክት ወይ ማንንም ከውጭ አልቀበልም፣ ወይ ከአዋሳኝ ዲስትሪክት ብቻ፣ ወይ ከመላ ኦሃዮ እቀበላለሁ ብሎ ይወስናል። የሚቀበለውም ቦታ ሞላ ብሎ ሊመልስዎ ይችላል፤ ልጁንም በዲስትሪክቱ ክልል ውስጥ እስካለ ፌርማታ ድረስ የሚያደርሱት እርስዎ ነዎት። ሠላሳ ዓመት የሚከፈል ብድር በእሱ ላይ አይመሠረትም።

«የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ወደ ገጠር ወጣሁ። የፌዴራሉንም የስቴቱንም ታክስ ከፍያለሁ፤ አሁን የትምህርት ዲስትሪክት ታክስ ከነቅጣቱ ክፈል የሚል ደብዳቤ መጣብኝ። ማጭበርበሪያ ነው?»
— መ.፣ ሹፌር

በመጀመሪያ ደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን ራስዎ ከኦሃዮ የታክስ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ባገኙት ቁጥር ደውለው ያረጋግጡ። ከሞላ ጎደል ግን እውነተኛ ዕዳ ነው። ኦሃዮ ካሏት ከ600 በላይ ዲስትሪክቶች ከ200 በላይ የሚሆኑት፣ አብዛኞቹም የገጠር፣ ከቤት ታክሱ በተጨማሪ በነዋሪው ገቢ ላይ ታክስ ይጥላሉ። ከተማ የኖረ ሰው ስለማያውቀው ነው ብዙ ወገን የሚያዝበት።

አሠራሩ ይህ ነው። ታክሱ የሚከፈለው በሚኖሩበት ዲስትሪክት ነው፤ የት እንደሠሩ አይታይም። ኤስዲ 100 በሚባል ለብቻው በሆነ ፎርም ይሞላል። ከስቴቱ ፎርም ጋር አብሮ ስለማይሄድ «ታክስ ሠርቻለሁ» ያለ ሰው ይህን ሳይሠራ ሊቀር ይችላል። ዓመቱን በከፊል ብቻ ቢኖሩበትም ለኖሩበት ጊዜ ይሞላል። ልጅ ባይኖርዎትም፣ ልጅዎ የግል ትምህርት ቤት ቢማርም ይከፈላል። መጣኔው ከዲስትሪክት ዲስትሪክት ይለያያል፣ የሚወሰነውም በሩብ በሩብ ፐርሰንት ነው፤ 1 ፐርሰንት በሆነበት ዲስትሪክት 70,000 ዶላር የሚታክስ ገቢ ያለው ሰው 700 ዶላር ይከፍላል። ሁለት ዓይነትም አለው፦ በአንዱ ዓይነት ጡረታውም ወለዱም ይገባል፣ በሌላው የሚታየው ደመወዝና የግል ሥራ ትርፍ ብቻ ነው። ጡረታ የወጡ ወላጆች አብረዎት ካሉ ልዩነቱ ለእነሱ ትልቅ ነው።

ስህተቱ የሚፈጠረው ሥራ ቦታ ነው። ተቀጣሪ የሆነ ሰው ቤት ሲለውጥ ለቀጣሪው አይቲ 4 የተባለውን ፎርም እንደገና ሞልቶ የአዲሱን ዲስትሪክት ስምና ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ማስገባት አለበት። አድራሻ ብቻ ቢያስለውጡ ደመወዝ ክፍሉ ከአድራሻው ዲስትሪክቱን አያውቅም፣ ምንም አይቆርጥም። የራስዎ መኪና ከሆነና በኮንትራት የሚነዱ ከሆነ ደግሞ የሚቆርጥልዎት ሰው የለም፤ በዓመት ከ500 ዶላር በላይ የሚደርስብዎ ከሆነ በአፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15 እና ጃንዋሪ 15 በኤስዲ 100ኢኤስ አስቀድመው ይክፈሉ።

አሁን ያለብዎትን በተመለከተ፦ የታክስ መሥሪያ ቤቱ «ፋይንደር» በሚባለው መፈለጊያው ላይ አድራሻዎን አስገብተው ዲስትሪክቱን ያረጋግጡ። እዚያ የሚወጣው ዲስትሪክት ደብዳቤው ላይ ካለው ከተለየ የወጣበትን ገጽ አትመው ይላኩላቸው። አንድ ከሆነ ያልሞሉትን ዓመታት ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሙሉ፣ የክፍያ ጊዜ እንዲከፋፈልልዎም ይጠይቁ። ታውንሺፑ የገቢ ታክስ እንደሌለው ሰምተው ከሆነ ትክክል ነው፣ ግን ይህ የታውንሺፕ ታክስ አይደለም። ኮሎምበስ ገብቶ የሚሠራ ሰው ለከተማዋ የሚከፍለው 2.5 ፐርሰንትም ለብቻው ነው፤ አንዱ በሌላው አይቀነስም።

«ክሎዚንጋችን (የቤት ግዢው የሚጠናቀቅበት ቀን) በሴፕቴምበር መጨረሻ ነው፤ ትምህርት የሚጀምረው በኦገስት። ታናሽ ልጃችን በቅርቡ ከኢትዮጵያ የመጣ ነው፣ የልደት ካርድ የለውም። አዲሱ ዲስትሪክት አሁን ሊመዘግበን ይችላል?»
— ባልና ሚስት፣ ከሬኖልድስበርግ

ይችላል። የቤት መግዣ ውል ፈርመው ክሎዚንግ የሚጠብቁ ወላጆች ልጃቸውን በአዲሱ ዲስትሪክት እስከ 90 ቀን ማስተማር የሚችሉበት ድንጋጌ በኦሃዮ ሕግ አለ። ቤት እያሠሩ ላሉም እንዲሁ። የሚያስፈልገው ቤቱ የት እንዳለና መቼ እንደሚገቡ የሚገልጽ በመሐላ የተረጋገጠ ጽሑፍ፣ ከእሱም ጋር ከብድር ሰጪው ወይም ከቤት ሠሪው የተጻፈ ማረጋገጫ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ አውቶቡስ ወደ አሁኑ ቤትዎ ይመጣል ብለው አይጠብቁ። በምዝገባ መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ ድንጋጌውን ላያውቀው ይችላል፤ በትሕትና የበላዩን እንዲጠይቅልዎ ያድርጉ።

የልደት ካርድ ከሌለ ፓስፖርት ይበቃል። ሕጉ የልደት ቀንና ቦታ ያለበትን የተረጋገጠ የጥምቀት ምስክር ወረቀትም ይቀበላል፣ ከቤተ ክርስቲያን ያወጡት ካለ ይዘው ይሂዱ። ግን ቀኑን ይመልከቱ! ጥር 5 ቀን 2010 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ወረቀቱ ላይ 05/05/2010 ተብሎ ይጻፍለታል። መዝጋቢዋ ይህን ሜይ 5 ቀን 2010 ብላ ትመዘግባለች። ልጁ በእርግጥ የተወለደው ጃንዋሪ 13 ቀን 2018 ነው፤ በአንድ ጊዜ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር አረጀ ማለት ነው። ወረቀቱ ሲተረጎም ቀኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የወሩ ስም በፊደል ተጽፎ፣ የቀን መቁጠሪያው ዓይነት ተገልጾ ይሁን። ከፓስፖርቱ ጋር አንድ መሆኑን ከመስጠትዎ በፊት ያስተያዩ።

ክትባት የሚያሰናክለው ሁለተኛው ነገር ነው። ከአገር ቤት ጤና ጣቢያ የተሰጠው የክትባት ካርድ ኩፍኝ እንደተከተበ ያሳያል፤ የጆሮ ደግፍና የጉድፍ (ቺክንፖክስ) ክትባት ግን በመደበኛው መርሐ ግብር ስለማይሰጥ አይገኝበትም። ኦሃዮ ሁለቱንም ትጠይቃለች። ልጁ ማስረጃ ሳይኖረው ትምህርት ቤት የሚቆየው 14 ቀን ብቻ ነው፣ ከዚያ ይመለሳል። የመጀመሪያውን ዙር ወስዶ ቀጣዩ ቀጠሮ የተያዘለት ልጅ ግን በሂደት ላይ ነው ተብሎ ይቀጥላል። የገጠር ካውንቲ ጤና ቢሮዎች ክትባት የሚሰጡት በተወሰኑ ቀኖች ስለሆነ በጁላይ ቀጠሮ ይያዙ። ልጁ ሰባተኛ ክፍል የሚገባ ከሆነ የቲዳፕ (የመንጋጋ ቆልፍ፣ የዲፍቴሪያና የትክትክ) እና የማጅራት ገትር ክትባትም ይጨመርበታል። የኢሚግሬሽን ወረቀት ከጠየቁዎት የመስጠት ግዴታ የለብዎትም።

«የወንድሜ ልጅ እኔ ዘንድ ነው የሚኖረው። ወላጆቹ አዲስ አበባ ናቸው። ውክልና ልከውልኛል። ትምህርት ቤቱ ግን አልቀበልም አለ።»
— አጎት

አገር ቤት ውክልና ብዙ በር ይከፍታል፤ ኦሃዮ ውስጥ ግን ለአጎት ይህን በር አይከፍትም። ትምህርት ቤቱ የሚፈልገው የሕጋዊ አሳዳጊነት (ከስተዲ) ትእዛዝ ነው፣ እሱም በካውንቲው የልጆች ጉዳይ ፍርድ ቤት ይጠየቃል። ማመልከቻውን አስገብተው የፍርድ ቤቱ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ለዲስትሪክቱ ያቅርቡና ውሳኔው እስኪመጣ በጊዜያዊነት እንዲቀበሉት በጽሑፍ ይጠይቁ። የወላጆቹን ፈቃድ የያዘው ያ ውክልና ለፍርድ ቤቱ ይጠቅማል፤ አስተርጉመው ያያይዙት። ለአያቶች መንገዱ ቀላል ነው፦ በኖተሪ የተፈረመ የአያት ውክልና በ5 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤቱ መዝገብ ላይ ካስገቡ ይበቃል። የራሴ ልጅ ነው ብለው እንዲያስመዘግቡ የሚመክርዎትን ሰው አይስሙ። ከተደረሰበት ያለፈውን ጊዜ ሁሉ የትምህርት ክፍያ ያስከፍላል፣ የሐሰት ቃል መስጠትም ነው።

«አውቶቡሱ ደጃችን ድረስ አይመጣም። መብታችን አይደለም?»
— እናት፣ ከፌርፊልድ ካውንቲ

ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 8ኛ ክፍል ያለና ከትምህርት ቤቱ ከ2 ማይል በላይ የሚኖር ልጅን ማመላለስ የዲስትሪክቱ ግዴታ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ግን አይገደዱበትም። ፌርማታው ከቤትዎ እስከ ግማሽ ማይል ሊርቅ ይችላል፤ በግል መንገድ ወይም በረጅም የግቢ መግቢያ ውስጥ አውቶቡስ አይገባም። ፌርማታው ኮረብታ ጫፍ ላይ ወይም ጥምዝ ላይ ሆኖ ሹፌሮች ከሩቅ የማያዩት ከሆነ ፎቶ አንሥተው ለትራንስፖርት ክፍሉ ይጻፉ፤ ከደጅ ይምጣልኝ ከማለት ይህ ቶሎ ይሰማል።

ልጁ በተመደበለት የመቆሚያ ቦታ፣ በራሱ ቤት ወገን ይቆማል እንጂ ቀድሞ መንገድ አያቋርጥም። ክረምት ላይ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጨለማ ነው፤ የሚያንጸባርቅ ነገር ቦርሳው ላይ ይስፉለት። እርስዎም ሲነዱ ባለ ሁለት መስመር መንገድ ላይ አውቶቡስ ቀይ መብራት ካበራ ከሁለቱም አቅጣጫ፣ ቢያንስ 10 ጫማ ርቀው ይቁሙ። በረዶ ሲጥል ደግሞ «የ2 ሰዓት መዘግየት» የሚል መልእክት ይመጣል፣ ስልክዎ በዲስትሪክቱ መዝገብ ላይ ትክክለኛ መሆኑን አሁኑኑ ይዩ። አለዚያ ልጁ ብርድ ላይ ሁለት ሰዓት ይቆማል።

«መንገዱ ሁሉ ስለ ሌቪ በሚናገር ሰሌዳ ተሞልቷል። ቢያልፍ ስንት ይጨምርብኛል? ባያልፍስ?»
— ት.፣ አዲስ ቤት ገዢ

ሌቪ ነዋሪው በድምፁ የሚያጸድቀው የትምህርት ቤት ታክስ ነው። ሂሳቡን ራስዎ መሥራት ይችላሉ። ኦሃዮ ታክስ የምታስበው በቤቱ የገበያ ግምት 35 ፐርሰንት ላይ ነው፤ አንድ ሚል ማለት ከዚያ ላይ በየ1,000 ዶላሩ 1 ዶላር ነው። ቤትዎ 300,000 ዶላር ከተገመተ የሚታክሰው 105,000 ነው። የ5 ሚል አዲስ ሌቪ በዓመት 525 ዶላር፣ በወር 44 ዶላር ገደማ ይጨምርብዎታል። የድምፅ መስጫ ወረቀቱም ለየ100,000 ዶላር ግምት ስንት እንደሚሆን ይናገራል፤ እዚህ 175 ስለሚል በሦስት ማባዛት ነው። «እድሳት» የሚል ከሆነ ቀድሞም የሚከፈል ስለሆነ አዲስ ጭማሪ የለውም፤ ሰው ይህን ሳያይ ነው ሁሉንም ተቃውሞ የሚወጣው። ቤት በብድር የገዙ ሰዎች ጭማሪው የሚሰማቸው ዘግይቶ ነው፤ ባንኩ ታክሱን ከወር ክፍያው ስለሚቆርጥ፣ የዓመቱን ሂሳብ ሲያወራርድ ክፍያዎ በድንገት ከፍ ይላል።

ባያልፍ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚነካው አውቶቡስ ነው። ዲስትሪክቱ ወደ ሕጉ ዝቅተኛ ግዴታ ይወርዳል፤ የሁለተኛ ደረጃ ልጆች ይቀራሉ፣ ከ2 ማይል በታች ያሉትም እንዲሁ። ቀጥሎ የስፖርት መመዝገቢያው ይወደዳል፣ መምህራን ሲለቁ ቦታቸው አይተካም። ሁለት ፈረቃ የሚሠሩ ቤተሰቦች 44 ዶላሩን ከአውቶቡሱ መቅረት ጋር አስተያይተው እንዲወስኑ እንመክራለን፤ በእኛ ግምት ልጅ ያለው ቤተሰብ በሌቪ መውደቅ የሚያጣው ይበልጣል።

ድምፅ የሚሰጠው ዜጋ ብቻ ነው፣ ከምርጫው 30 ቀን በፊትም መመዝገብ አለበት። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ «መራጭ ልመዝግብዎት?» ቢሉት አይሆንም ይበል፤ በስህተት መፈረሙ ወደፊት ዜግነት እንዳያገኝ ሊያደርገው ይችላል። በቦርዱ ስብሰባ ላይ ተገኝቶ መናገር ግን ለማንም ነዋሪ ክፍት ነው።

«ልጄ በክፍሏ ውስጥ ብቸኛዋ ሐበሻ ናት። ቤት በአማርኛ እንደምናወራ ብጽፍ ወደ ኋላ ያስቀሯታል ብዬ ፈራሁ። ለገናስ ትቀራለች?»
— አባት፣ ከሊኪንግ ካውንቲ

የቤት ቋንቋ መጠይቁን በእውነት ይሙሉ። አማርኛ ብለው ሲጽፉ ልጅቷ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ትፈተናለች፣ ካለፈች ምንም አይለወጥም። ካላለፈች ድጋፍ ይሰጣታል እንጂ ክፍል አትደግምም። ውጤቱንም ትምህርት በተጀመረ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ሊያሳውቁዎት ይገባል። ችግሩ ያለው የገጠር ዲስትሪክት አንድ የቋንቋ መምህር በሦስት ሕንፃ መካከል ማመላለሱ ነው። ስለዚህ «በሳምንት ስንት ቀን፣ በቀን ስንት ደቂቃ?» ብለው ይጠይቁ፣ መልሱንም በኢሜይል ያግኙ። ለእርስዎ ስብሰባ አስተርጓሚ ማቅረብ የእነሱ ግዴታ ነው፤ በአካል የአማርኛ ሰው ባይኖራቸው በስልክ ይገናኛሉ። ልጅቷ ራሷ በመምህሯና በአባቷ መካከል እንድታስተረጉም አይፍቀዱ።

ገና ጃንዋሪ 7 ብዙ ጊዜ የትምህርት ቀን ላይ ይውላል። በኦሃዮ ሕግ ተማሪ በዓመት እስከ ሦስት ቀን ለሃይማኖት በዓል ፈቃድ አግኝቶ መቅረት ይችላል፣ ያመለጠውን ፈተናም ይፈተናል። ግን ወላጅ ቀኖቹን ዘርዝሮ ለርዕሰ መምህሩ የሚጽፈው ትምህርት በተጀመረ በ14 የትምህርት ቀን ውስጥ ነው። ገና ሲደርስ መጻፍ ዘግይቷል ማለት ነው፤ ደብዳቤውን ትምህርት እንደተጀመረ ያስገቡት። ገናን፣ ጥምቀትንና ስቅለትን በአውሮፓውያን ቀን ጽፈው፣ ከታች ፈርመው፣ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ እጅዎ ያስቀሩ።